ሠላሳ ሰከንድ ዝምታ

ኮሌጁ ውስጥ የመዝገብ ስሙን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ሌላ አይገኝም። ሁሉም ዝምበሉ ይለዋል፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ጋሽ ዝምበሉ። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ካሜራውን ተክሎ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ በየኮሪደሩ «እባካችሁ ዝም በሉ» ሲል ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። እሱንም የሚለው በሹክሹክታ ነው። ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም፤ ጮኸ ቢባልም የሚያምን አይገኝም።

ፈሪ ነው። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሱም አይክደውም። ውሻ ይፈራል፣ ሊፍት ይፈራል፣ ስልክ ያለ ሰዓቱ ሲጮህ ይፈራል፣ ከአለቃ የመጣ ፖስታ ሳይከፍት ሁለት ቀን ያሳድራል። እናቱ የሞተችው የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሳደገችው በዘጠኝ ዓመት የምትበልጠው እህቱ ናት፤ የሰፈር ልጆች ሲደባደቡ እሱ ሮጦ እሷ ጀርባ ነበር የሚሸሸገው። ሰው «ፈሪ ለናቱ» እያለ ሲተርበው እሷ ቀበል አድርጋ «የኛ ደግሞ ፈሪ ለእህቱ ነው» ትላለች። ዛሬ እሱ አርባ አራት፣ እሷ ሃምሳ ሦስት ሆነውም ትላለች።

እዚህ ኮሌጅ ያስገባችውም እሷ ናት። እሷ የሕይወት ሳይንስ ላቦራቶሪ ጠባቂ ነች፤ ጠርሙሱን የምታጥበው፣ መድኃኒቱን የምትለካው፣ የጋዝ ሲሊንደር የምትቀይረው እሷ ናት። እሱ ከዚያ በፊት ሠርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ካሜራ ተሸካሚ ነበር። ሽማግሌው ክፉ አፍ ቢኖረውም ሙያውን አይሰስትም። አንድ ቀን በአንድ ሠርግ ቤት የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ድምፁን አበላሸብኝ ብሎ አጠፋው፤ ቀርጾ ሲጨርስ ሳያበራው ወጣ። በማግስቱ የሙሽራዋ አጎቶች የተበላሸ ሥጋ በማዳበሪያ ተሸክመው ስቱዲዮው ድረስ መጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽማግሌው አንድ ሕግ አወጣ። ለቀረጻ ብለህ ያጠፋኸው ነገር ላይ ቁልፍህን አስቀምጥ፤ ያለ ቁልፍህ ቤትህም ሥራህም መግባት ስለማትችል ትመለሳለህ፤ ስትመለስ ታበራዋለህ። ዝምበሉ ይህችን ሕግ እንደ ጸሎት ያዛት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አጥፍቶ የረሳው አንድም ነገር የለም።

ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ኮሌጁ አርባ ስድስት ገጽ ያለው የቪዲዮ አሠራርና የጥራት ደረጃ መመሪያ አወጣ። ዝምበሉ ፖስታውን በሦስተኛው ቀን ከፈተው። የኮሌጁ ዓርማ በቀኝ በኩል ግርጌ ላይ ይሁን፤ የተናጋሪው ስም አምስት ሰከንድ ይታይ፤ መምህር ባለ መስመር ሸሚዝ ለብሶ አይቀረጽ፣ መስመሩ ስክሪን ላይ ይንቀጠቀጣልና፤ የሚሰማው ሁሉ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች በግርጌ ይጻፍ። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ግን «ከተናጋሪው ድምፅ በስተቀር ምንም ዓይነት ድምፅ መሰማት የለበትም» ይላል።

መመሪያውን ያወጣችው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ናት። ወጣት ናት፣ ትሁት ናት፣ ትሕትናዋ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። የመጀመሪያ ሥራውን ወፍ ተሰምቷል ብላ መለሰችበት። ሁለተኛውን ደግሞ ማራገቢያ ይጮሃል ብላ መለሰችው። ሁለተኛውን ስትመልስ ፈገግ እያለች «ጋሼ፣ ሦስተኛም እንዲህ ከሆነ ሥራውን ለውጭ ድርጅት መስጠታችን አይቀርም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፉ ተዛባ።

ሦስተኛው ሥራ በእህቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ሆነ።

ርእሱ የጋዝ አጠቃቀም ደኅንነት ነው። ከላቦራቶሪው በስተኋላ መስኮት የሌላት፣ በሯ ወደ ኮሪደሩ የሚከፈት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ሴሎች የሚያድጉባት ማሞቂያ ሣጥን ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት የታሰረ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ቆሟል፤ ከወለሉ ከፍ ብሎ የክፍሉን አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ተገጥሟል። ያን ዕለት ጠዋት እህቱ ያለቀውን ሲሊንደር ቀይራ ነበር።

ዝምበሉ የማራገቢያውን ጩኸት ሰማ። የሚያስተምሩትን ዶክተር ለምኖ አጠፋው።

«ለአንድ ሰዓት ተኩል ምንም አይልም፤ ሲሊንደሩ እንደሆነ በደንብ ጠብቆ ታስሯል» አሉ ዶክተሩ፤ እሳቸውም ክፍለ ጊዜ ስላለባቸው ቸኩለዋል።

ዝምበሉ ማንም እንዳይነካው ማብሪያው ላይ ፕላስተር ለጠፈ። የኮሪደሩ ጫጫታ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ በበሩ ሥር ወተፈ። በውጭ በኩል «ቀረጻ ላይ ነን፤ እንዳያንኳኩ» የሚል ወረቀት ሰቀለ። የሁሉንም ስልክ፣ በላቦራቶሪው የነበረችውን የእህቱንም ጭምር፣ አስጠፋ። በመጨረሻም ቁልፎቹን ማብሪያው ሣጥን ላይ አስቀመጠ።

ቀረጻው በደህና አለቀ። ዶክተሩ ጥቂት ጊዜ አዛጉ እንጂ አልተሳሳቱም። እሳቸው ሲወጡ እህቱ ገባች፤ የሚቀረው ሥራ የክፍሉን ዝምታ መቅረጽ ብቻ ነበር። ይህም የሙያው ልማድ ነው፤ ሰው በማይናገርበት ጊዜ ክፍሉ ብቻውን ለሠላሳ ሰከንድ ይቀረጻል። የክፍሉ የራሱ ድምፅ ከታወቀ ኮምፒውተሩ ያንን ከሌላው ላይ መቀነስ ይችላል።

«እትዬ፣ ለሠላሳ ሰከንድ ትንፋሽሽን ያዢልኝ» አላት።

«በስተርጅና ልትገለኝ ነው እንዴ?»

«እባክሽ።»

ጉንጯን ነፍታ ያዘች፤ ሳቋ ሊያመልጣት ዐይኗ እንባ ሞላ። እሱ በጣቱ ይቆጥር ነበር። ሠላሳ ሲሞላ «አለቀ፣ ተንፍሺ» አላት።

ዕቃውን እየሸከፈ የራሱን ስልክ ሲያበራ ኃላፊዋ ደወለችለት፤ ቪዲዮው ከሰዓት በኋላ እንዲደርስላት ትፈልጋለች። እሱም ካሜራውን አንግቶ በጥድፊያ ወጣ። ያለ ቁልፉ የቅንብር ክፍሉን መክፈት አይችልም፤ ስለዚህ በር ላይ ሲደርስ መመለሱ አይቀርም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራች ዘዴ ናት፤ ለእህቱ ግን ነግሯት አያውቅም።

ግቢው መሐል ሲደርስ ከኋላው የእህቱን ነጠላ ጫማ ሰማ። እያለከለከች ነው።

«አንተ ዝንጉ፣ ቁልፍህን ትተኸው» አለችና መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ተባረኪ እትዬ።»

«ፊትህ ገርጥቷል። ምሳ ብላ።»

«አንቺስ?»

«ከሰዓት ለሚመጡት ልጆች የጠርሙስ ስም እለጥፋለሁ። ራሴን ትንሽ አሞኛል፤ እዚያችው ክፍል ቁጭ ብዬ ብሠራ ይሻለኛል። ኮሪደሩማ ገበያ ሆኗል።»

እሷ ወደ ላቦራቶሪዋ፣ እሱ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሄዱ። ቁልፉ እጁ ላይ ነበርና ምንም የጎደለ ነገር አልመሰለውም።

የቅንብር ክፍሉ ሞቃትና ጭር ያለ ነው። በሩን ዘጋ፣ ማዳመጫውን ደፋ፣ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ የዶክተሩን ማዛጋት አወጣ። መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ነበር ያዛጉት፤ ወደ ማብቂያው ግን በየደቂቃው ሆኗል። ሰውየው ሌሊት ምን ሲሠሩ አደሩ እያለ በልቡ እየቀለደ ሁሉንም ቆርጦ ጣለ። ቀጥሎ የሠላሳ ሰከንዱን ዝምታ ከፈተ። ክፍሉ ዝም ብሎ ነበር፤ ግን ከዝምታው ሥር አንድ ቀጭን ነገር ይሰማል። ስስስ የሚል፣ ከፍም ዝቅም የማይል። የማይኩ ገመድ አርጅቷል ማለት ነው ብሎ አዘነ። ይቺን ድምፅ ኃላፊዋ ብትሰማ ሥራው በቃ አለቀለት። ኮምፒውተሩን አዘዘ፤ ኮምፒውተሩም ያንን ስስስታ ከቪዲዮው ሁሉ ላይ ጠርጎ አወጣው። መልሶ ቢሰማው ጥርት ያለ ነው። ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ዝቅ አለ።

የግርጌው ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ዶክተሩ እየተናገሩ እሱ ቃል በቃል ይተይባል።

ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ተየበ። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ የተቀመጠ ሰው ከቆመ ሰው ቀድሞ ይጎዳል። ተየበ። መጀመሪያ ያዛጋዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ደገፍ ይላል። ተየበ። ስለዚህ ይህ ማራገቢያ…

እዚህ ላይ ጣቱ ቆመ። ዶክተሩ ስክሪኑ ላይ በእጃቸው የሚያሳዩት ማራገቢያ አይዞርም።

ዐይኑ ወደ ጠረጴዛው ወረደ። ቁልፎቹ ከኪቦርዱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቁልፎቹ እዚህ ምን ይሠራሉ?

ክው አለ። የእህቱ ነጠላ ጫማ፣ መዳፉ ላይ ያረፈው ብረት፣ ራሴን አሞኛል ያለችው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። ያ ስስስታ ገመድ አልነበረም። እሷ ጠዋት ካሰረችው ሲሊንደር የሚወጣ ጋዝ ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን፣ በገዛ እጁ፣ እንዳይሰማ አድርጎ ጠርጎ ጥሎታል። ስልኩን አንሥቶ ደወለላት። ዝግ ነው። ያስዘጋት እሱ ነው። ሰዓቱን አየ፤ ከተለያዩ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሆኗል።

በሩን እንደተከፈተ ትቶ ሮጠ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወረደ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ኃላፊዋ ወደ እሱ እየመጣች ነበር።

«ጋሼ፣ ደረሰልኝ እንዴ?»

ትከሻዋን ገፍቶ አለፈ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን ሲሰማ ያደገ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ግን ሁሉ ሌላ ሌላ ነገር ነበር። ውሻውን ፈርቷል፣ ሊፍቱን ፈርቷል፣ የኃላፊዋን ፈገግታ ፈርቷል። ይህን አልፈራም። የቱንም ያህል ፈሪ ቢሆን፣ ሰውን በጥንቃቄ ብዛት መግደል እንደሚቻል አስቦ አያውቅም። ግቢው አያልቅም። እናቱ የሞተች ቀን ሰዎች በር ላይ ይዘው እንዳይገባ የከለከሉት ትዝ አለው።

ላቦራቶሪው ኮሪደር ላይ ሰባት ስምንት ተማሪዎች በሩን ከበው ቆመዋል። አንዳቸውም ድምፅ አያሰሙም። አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ሲሮጥ ስታየው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ» አለች በሹክሹክታ፤ «ቀረጻ ላይ ናቸው።»

«ማን ነው ያለሽ?»

ልጅቷ በሩ ላይ ወደተሰቀለው ወረቀት አመለከተች። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ቅድም ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰምተን ነበር» አለች፤ «ግን እንዳንረብሽ ብለን ዝም አልን።»

ያን ጊዜ ዝምበሉ ጮኸ። ምን ብሎ እንደጮኸ እሱም ዛሬ አያስታውሰውም፤ ተማሪዎቹ ግን ግድግዳው ላይ ተለጠፉ፤ ከላይኛው ፎቅ ሰው በመስኮት ብቅ አለ። በሩን በትከሻው ገፋው። በሩ ሥር ያለው ብርድ ልብስ ያዘበት። እህቱ ከግቢው ስትመለስ ጫጫታው እንዳይገባ ብላ በእግሯ መልሳ ወትፋው ነበር። ደግሞ ገፋው። በሦስተኛው ተከፈተ።

ጠረጴዛው ላይ ድፍት ብላለች። አንድ እጇ ወደ ወለሉ ተንጠልጥሏል፤ ሥሩ የተሰበረ ጠርሙስ አለ። የመጨረሻው ወረቀት ጣቷ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

ትንፋሹን ያዘና ገባ። ሳያስበው መቁጠር ጀመረ፤ የለመደበት ነገር ነው። በአምስት ፕላስተሩን ገሽልጦ ማራገቢያውን አበራ። በዘጠኝ ብብቷ ሥር ገባ። ከባድ ናት። በልጅነቱ ታዝለው የነበረችው እሷ ናት፤ እሱ እሷን ተሸክሞ አያውቅም። በአሥራ ስድስት ወለሉ ላይ ወደቁ፤ በሃያ አንድ ተነሣ። ጆሮው ይጮሃል፣ ደረቱ ሊፈነዳ ነው፤ ግን አልተነፈሰም። ሠላሳ ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ነበሩ። ተማሪዎቹ እግሯን ያዙለት፤ ግቢ ድረስ አወጧት።

ሣሩ ላይ አጋደሟት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ደረቷ ላይ ጆሮውን አስደገፈ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በየክፍሉ የሰማው ዝምታ ሁሉ እንደዚህ አላስፈራውም። «እትዬ» አላት። «እትዬ፣ እኔን ብቻዬን አትተዪኝ፤ ፈሪ ነኝ፤ ታውቂ የለ።» ጋውን የለበሰችው ልጅ ሐኪም ለመጥራት ሮጣለች። ሌሎቹ ቆመው ያያሉ።

መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነበር። ቀጥሎ ረጅም፣ ሻካራ ትንፋሽ። ዐይኗን በግማሽ ገልጣ ፊቱን ፈለገች።

«አለቀ?» አለች። «መተንፈስ ይቻላል?»

ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅ ሰውዬ ያን ጊዜ ሣሩ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። የሲሊንደሩ መጋጠሚያ ውስጥ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ተሰንጥቃ ተገኘች። ዶክተሩ ማራገቢያው እንዲጠፋ የፈቀድኩት እኔ ነኝ ብለው ለኮሌጁ ደብዳቤ ጻፉ። ዝምበሉም ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ጻፈ። እህቱም ቁልፉን ያነሣሁት እኔ ነኝ ብላ ልትጽፍ ስትነሣ እሱ ወረቀቱን ከእጇ ነጠቃት።

ከዚያ ወዲህ በቁልፍ አያምንም። ቁልፍ የረሳ ሰው ሲታይ ደግ ሰው አንሥቶ ይመልስለታል፤ ደግነት ደግሞ በየቦታው አለ። አሁን የሚያጠፋው ነገር ላይ የሚተወው አንድ እግር ጫማውን ነው። በካልሲ ሲያነክስ ያየው ሁሉ ይስቅበታል፤ እህቱም ትስቃለች፤ ግን ጫማውን አትነካም።

ኃላፊዋ ቪዲዮውን አልተወችም። ትሕትናዋ ቢቀንስም ቀጠሮዋ አልቀነሰም። ዝምበሉ ደግሞ እንደገና ቅንብር ክፍሉ ገባና ጠርጎ የጣለውን ስስስታ መለሰው። የዶክተሩንም ማዛጋት አንድ በአንድ ወደየቦታው መለሰ። መጨረሻው ላይ ሠላሳ ሰከንዱን ጨመረ፤ ባዶ ክፍል፣ የቆመ ማራገቢያ፣ በጠርዝ በኩል ጉንጯን የነፋች ሴት። መመሪያው የሚሰማ ሁሉ ይጻፍ ይላልና በግርጌው ጻፈ። «የሚሰማው ድምፅ ከሲሊንደሩ የሚያመልጥ ጋዝ ነው።» ሠላሳ አንደኛው ገጽ እንደሚከለክለው ያውቃል፤ ሦስተኛው ስሕተት መሆኑንም ያውቃል። ፋይሉን ግን ላከው።

ኃላፊዋ ሥራውን አልመለሰችበትም። ቪዲዮው ለአዳዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያ ቀን ትምህርት እንዲሆን አዘዘች።

በዚያ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ዝምበሉና እህቱ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ መጀመሪያ ይንሾካሾኩ ነበር፤ በዶክተሩ ማዛጋትም ሳቁ። ባዶው ክፍል መጥቶ ያ ቀጭን ድምፅ ሲጀምር፣ ጽሑፉም ግርጌው ላይ ሲወጣ፣ ሳቁ ከፊት ረድፍ እየጠፋ እስከ ኋላ ደረሰ። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። ሰከንዱ አይሄድም። ዝምበሉ የወንበሩን እጀታ ጨብጦ፣ ስክሪኑ ላይ ጉንጯን የነፋችውን ሴት ብቻ እያየ ይቆጥራል፤ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት። ደረቱ እንደተቆለፈ ያወቀው እህቱ በክርኗ ስትጎሽመው ነው።

«ተንፍስ እንጂ፣ አንተ ፈሪ» አለችው በጆሮው፤ «እኔ እዚህ ነኝ።»